የሸክላ ዘፈኖችን ወደ ኮምፒውተር ለመቅዳት የትኛው ፕሮግራም ይሻላል? በጅማ ሸክላ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀ ንጽጽር

ሸክላን ወደ ኮምፒውተር ለመቅዳት የሚያገለግሉ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን የተሠሩት በእኛ ቤት ያለውን ዓይነት ክምችት በማሰብ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ሸክላ ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞረው፣ በአንድ ገጹ ሃያ ደቂቃ ያህል የሚይዘውና አምስት ስድስት ዘፈን የሚደረደርበት ትልቁ ሸክላ ነው። በኢትዮጵያ ግን የሸክላው ወርቃማ ዘመን በዋናነት የትንሿ ሸክላ ዘመን ነበር፤ በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞረውና በእያንዳንዱ ገጿ ብዙውን ጊዜ አንድ ዘፈን ብቻ የያዘችው ሸክላ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ የጀመረው አምሃ ሬከርድስ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን ሲያሳትም ትልልቆቹ ግን ደርዘን ያህል ብቻ መሆናቸው ይህን በግልጽ ያሳያል።

ይህ ልዩነት የፕሮግራም ምርጫን ከሥር ይለውጠዋል። በገበያ ላይ ያሉ ለሸክላ ተብለው የተዘጋጁ ፕሮግራሞች ዋና መሸጫቸው ረጅሙን ገጽ ወደ ዘፈኖች መከፋፈልና የዘፈኖቹን ስም ከኢንተርኔት አውርዶ መለጠፍ ነው። አንድ ገጽ አንድ ዘፈን ከሆነ የሚከፋፈል ነገር የለም። የኢትዮጵያ ሸክላዎች ስምም በውጭ የመረጃ ቋቶች ውስጥ ብዙውን ጊዜ ወይ አይገኝም፣ ወይም በላቲን ፊደል አንድም ሦስትም ዓይነት ሆኖ ተጽፏል። በጅማ ደግሞ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ፦ መብራት በድንገት መጥፋቱና ሸክላውን የሚያሻግተው የረጅሙ ክረምት እርጥበት። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ ፕሮግራም ሲመዘን ሊጠየቅ የሚገባው፣ መብራት ሲሄድ የተቀዳው ይተርፋል ወይ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ፣ አንዲትን ቧጨራ ዘፈኑን ሳይነካ በእጅ ለመጠገን ያስችላል ወይ የሚለው ነው።

ከፕሮግራሙ በፊት የሚወሰነው

ድምፁ ኮምፒውተሩ ዘንድ የሚደርስበት መንገድ ካልተስተካከለ የትኛውም ፕሮግራም አያቃናውም። የተለመደው ማግኔታዊ የሸክላ መርፌ የሚያመነጨው ኃይል ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የካሴት ወይም የሲዲ ማጫወቻ የሚያወጣው ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ነው። ከዚህም በላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑም ይጨመራል፤ ሲደመጥ ደግሞ ተገላቢጦሹ መደረግ አለበት። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1954 ወዲህ አርአይኤኤ በሚባለው መለኪያ አንድ ወጥ እየሆነ መጥቷል። ሁለቱንም ሥራ፣ ማለትም ማጉላቱንና መመለሱን፣ የሚያከናውነው ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው መሣሪያ ነው። በቤትዎ ያለው አሮጌ አምፕሊፋየር «ፎኖ» የሚል መግቢያ ካለው ይህ መሣሪያ በውስጡ አለ፤ ከአምፕሊፋየሩ የቴፕ መውጫ ኬብል ወስዶ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ይበቃል። እንደ ሻንጣ የሚዘጉት አሮጌ ማጫወቻዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት የሴራሚክ መርፌ ነው፤ እርሱ በራሱ ጠንካራ ድምፅ ስለሚያወጣ ፎኖ ፕሪአምፕ አይፈልግም።

የላፕቶፕን የማይክሮፎን ቀዳዳ ለዚህ ሥራ መጠቀም አልመክርም። ቀዳዳው ለአንድ ማይክሮፎን የተሠራ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ሁለቱን ቻናል (የግራና የቀኙን ድምፅ) አይቀበልም፤ ዊንዶውስም ድምፁን «ለማሻሻል» ብሎ በራሱ ጊዜ ይነካካዋል። በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ መቀበያ ይሻላል። ከቤሪንገር ምርቶች መካከል ዩኤፍኦ202 የተባለው ፎኖ ፕሪአምፕ በውስጡ ስላለው ማጫወቻው በቀጥታ ሊሰካበት ይችላል፤ ዩሲኤ222 ግን ከአምፕሊፋየር የወጣ የጎላ ድምፅ ይፈልጋል። አዲስ ማጫወቻ የሚገዛ ሰው ዩኤስቢ ያለውን መምረጥ ይችላል፤ ከኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ-ኤልፒ60ኤክስ ዩኤስቢ በ33 እና በ45 ዙር ብቻ ሲሠራ፣ ኤቲ-ኤልፒ120ኤክስ ዩኤስቢ 78ንም ይጨምራል። ከአያት የተወረሰ የ78 ዙር ሸክላ ካለዎት ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። ለ78 ሸክላ ግን መርፌውም መለወጥ አለበት፤ የጥንቱ ሸክላ ቦይ ሰፊ ስለሆነ ለ45 የተሠራው ቀጭን መርፌ ከቦዩ ሥር ይወርድና ቆሻሻውን ያነብባል።

ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ማጫወቻ ካለ አንድ ነገር ይታይ። የአሜሪካ መብራት 60 ሄርዝ፣ የኛ ደግሞ 50 ሄርዝ ነው፤ ፍጥነቱን ከመብራቱ ሄርዝ የሚወስድ ሞተር ያለው ማጫወቻ፣ ቮልቴጁ በትራንስፎርመር ቢስተካከልለት እንኳ፣ እዚህ በትክክለኛ ፍጥነቱ አምስት ስድስተኛ ብቻ ይዞራል፤ 45ቱ ወደ 37.5 ይወርዳል፣ ዘፋኙም ድምፁ ወፍሮ ይሰማል። ይህን በፕሮግራም ፍጥነቱን በ20 በመቶ ከፍ በማድረግ ማካካስ ይቻላል፤ ቢሆንም የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያው አብሮ ስለሚዛባ ሞተሩን በባለሙያ ማስለወጥ የተሻለ ነው።

ኦዳሲቲና ቪናይልስቱዲዮ

እውነተኛው ምርጫ ለአብዛኛው ሰው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው። ኦዳሲቲ በነፃ የሚታደል፣ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም የሚሠራ ፕሮግራም ነው። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን፣ ከ2021 ጀምሮ ሚዩዝ ግሩፕ በተባለ ድርጅት ሥር ይገኛል። ቪናይልስቱዲዮ ደግሞ አልፓይንሶፍት የተባለ ድርጅት በተለይ ለሸክላና ለካሴት ያዘጋጀው፣ በክፍያ የሚገኝ የዊንዶውስና የማክ ፕሮግራም ነው።

ቪናይልስቱዲዮ በእውነት በደንብ የታሰበበት ነው። ክምችትዎን በአርቲስት፣ በአልበምና በገጽ እየለየ ይይዛል፤ የቀዱትን የመጀመሪያ ድምፅ ሳይነካ ማስተካከያውን ለብቻው ስለሚያስቀምጥ ዛሬ የሠሩትን ጽዳት በሚቀጥለው ዓመት ሊሰርዙት ይችላሉ። የዘፈኖቹን ርዝመት ከኢንተርኔት ዝርዝር ጋር አመሳክሮ ገጹን ይከፋፍላል። ሁለት መደርደሪያ ሙሉ የውጭ አገር ትልልቅ ሸክላ ላለው ሰው፣ ኢንተርኔቱም አስተማማኝ ከሆነለት፣ ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም፤ የብዙ ሰዓት የእጅ ሥራ ያድንለታል። ነገር ግን የ45 ሸክላዎች ባለቤት የሚከፍለው ከዚህ ውስጥ ለአንዱ፣ ይኸውም የመጀመሪያውን ድምፅ ሳይነኩ ለማስቀመጥ፣ ብቻ ነው፤ ይህንን ደግሞ በኦዳሲቲ የተቀዳውን ፋይል ከማጽዳት በፊት ለብቻው በማስቀመጥ ያለ ምንም ወጪ ማግኘት ይቻላል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ መሆኑም ለብዙ የጅማ ሰው ተጨማሪ ደጅ ጥናት ነው።

ኦዳሲቲን የማስቀድመው በነፃ ስለሚገኝ ብቻ አይደለም። በሚቀዳበት ጊዜ ድምፁን እየጻፈ ወደ ዲስክ ስለሚያስቀምጥ ኮምፒውተሩ በድንገት ቢጠፋ በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት ያልተቀመጠውን ሥራ አግኝቶ እንዲመልስ ይጠይቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ከማንኛውም ማስጌጫ ይበልጣል፤ በተለይም ያረጀች ሸክላ በተጫወተች ቁጥር ትንሽ ስለምትጎዳ እንደገና መቅዳት ያለ ዋጋ የሚደረግ አይደለም። የመጫኛው ፋይል አንድ ጊዜ ከወረደ በፍላሽ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። አዳዲሶቹ እትሞች ሥራውን በኢንተርኔት ላይ እንዲያስቀምጡ ሊጋብዙ ይችላሉ፤ ግብዣውን አልፎ በራስ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ምንም አያጎድልም። ፍጥነት መለወጫው ላይ ከ45 ወደ 78 ወይም ከ33 ወደ 45 የሚሉ ዝግጁ ምርጫዎች መኖራቸውም የ78 ማጫወቻ የሌለው ሰው ሸክላውን በ45 ቀድቶ በኋላ እንዲያፈጥነው ይረዳዋል፤ ውጤቱ ፍጹም ባይሆንም ዘፈኑን ለማዳን ይበቃል።

ድክመቱም መነገር አለበት። መልኩ ለጀማሪ አይስብም፤ የፕሮጀክት ፋይሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ከምናሌው የሚመረጡት አብዛኞቹ ማስተካከያዎች ድምፁን ራሱን ስለሚለውጡ ፕሮግራሙን ዘግተው ከወጡ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። በዚህ ምክንያት ያልተነካው ቅጂ ለብቻው መቀመጡ በኦዳሲቲ ለሚሠራ ሰው ግዴታ ነው።

ጠቅታ፣ ጥሩምባና ማሲንቆ

ፕሮግራሞች የሚፎካከሩበት ትልቁ ነገር የሸክላን ጠቅታና የጀርባ እሽታ ማጥፋት ነው፤ የእኛ ሙዚቃ የሚጎዳውም እዚሁ ላይ ነው። ጠቅታ አጥፊ ፕሮግራም የሚፈልገው በድንገት ተነሥቶ በድንገት የሚወድቅ ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹና የ70ዎቹ የአዲስ አበባ ባንዶች ሙዚቃ ደግሞ በእንዲህ ዓይነት ድምፅ የተሞላ ነው። ጥሩምባው ሲመታ፣ ክራሩ ሲጠቀስ፣ ጭብጨባው ሲገባ፣ እዚሁ ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ የሚጫወተው ቫይብራፎን ሲመታ፣ ማሽኑ ሁሉንም እንደ ቧጨራ ሊቆጥራቸው ይችላል። ውጤቱ ጠቅታ የሌለው ግን ጥሩምባው ጥርሱ የወለቀ ዘፈን ነው። እሽታ አጥፊውም እንደዚሁ ነው፤ የማሲንቆው የጅራት ፀጉር በጅማቱ ላይ ሲሳብ የሚሰማው ሻካራ ድምፅና የዘፋኙ ትንፋሽ ከሸክላው እሽታ ጋር በአንድ የድምፅ ክልል ስለሚኖሩ አንዱ ሲጠፋ ሌላው አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ የሁለቱን ፕሮግራሞች የጠቅታ ማጥፊያ ጥራት ማወዳደር የሚገባው ያለ ገደብ ሲጫን ምን ያህል እንደሚያጸዳ በማየት ሳይሆን በትንሹ ሲነካ ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ በመስማት ነው። ቪናይልስቱዲዮ እያንዳንዱን ያገኘውን ጠቅታ በማዕበሉ (የድምፁን ቅርጽ በስክሪን ላይ በሚያሳየው መስመር) ላይ ምልክት አድርጎ ስለሚያሳይ የተሳሳተውን ነቅሶ ማስቀረት ይቻላል፤ በዚህ ነጥብ ከኦዳሲቲ ይበልጣል። በኦዳሲቲ ክሊክ ሪሙቫል (ጠቅታ ማጥፊያ) የሚለውን በሙሉ ዘፈኑ ላይ ከመልቀቅ ይልቅ ሪፔር የተባለውን መሣሪያ እመርጣለሁ። ጆሮ የያዘችውን ጠቅታ በማዕበሉ ላይ አጉልቶ መፈለግ፣ እርሷን ብቻ መምረጥ፣ ከዚያም ፕሮግራሙ ከግራና ከቀኝ ካለው ድምፅ ተነሥቶ ክፍተቱን እንዲሞላው ማድረግ ነው። መሣሪያው በአንድ ጊዜ የሚጠግነው ቢበዛ 128 ናሙና (የድምፁ ቅጽበታዊ ልኬት)፣ ማለትም በሰከንድ 44,100 ናሙና በሚወስድ (የ44,100 ሄርዝ) ቅጂ ላይ ሦስት ሺኛ ሰከንድ የማይሞላ ርዝመት ነው። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ነገር ግን ለአራት ደቂቃ ዘፈን የሚቻል ነው። ሃያ ደቂቃ ለሚረዝም ገጽ ግን ይህን ማንም እንዲሞክር አልመክርም። ለ45 ሸክላ ኦዳሲቲን የመምረጤ አንዱ ምክንያት ይኸው የርዝመት ጉዳይ ነው።

ሌላም ቀላልና ጥቅሙ የላቀ እርምጃ አለ። ከእነዚህ ነጠላ ሸክላዎች ብዙዎቹ ሞኖ (በአንድ ቻናል ብቻ የተቀረጹ) ናቸው፤ ማጫወቻው ግን ሁለት ቻናል አድርጎ ያነብባቸዋል። በሞኖ ሸክላ ላይ ሙዚቃው መርፌውን ወደ ጎን ሲያንቀሳቅሰው፣ ከአቧራና ከቧጨራ የሚመጣው ድምፅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታችም ያንቀጠቅጠዋል። ሁለቱ ቻናሎች ወደ አንድ ሲደመሩ ሙዚቃው ይጸናል፣ የላይና ታቹ ሁከት ግን እርስ በርሱ ይጣፋል። በሁለት ቻናል ቀድቶ ከዚያ በፕሮግራሙ ወደ ሞኖ መደመር ከማንኛውም ውድ የጽዳት መሣሪያ በፊት ሊደረግ የሚገባው ነው። አንዱ የቦይ ግድግዳ ብቻ ተበልቶ ከሆነም ጤነኛውን ቻናል መርጦ ሌላውን መተው ይቻላል።

ከሁሉም በፊት ግን ሸክላው ይታጠብ። የጅማ እርጥበት የሚያመጣው ሻጋታ ቦዩ ውስጥ ሲቀመጥ የማያቋርጥ ፍንጥቅጥቅታ ስለሚፈጥር፣ በተጣራ ውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና፣ የመሃሉን ወረቀት ሳያርሱ በለስላሳ ጨርቅ ዙሩን ተከትሎ ማጽዳትና በጥላ ማድረቅ ይገባል። የ78ቱ ጥንታዊ ሸክላ ላይ አልኮል ፈጽሞ አይነካም፤ የተሠራበትን ነገር ያሟሟዋል።

ሌሎቹ ምርጫዎች

ኦሽንኦዲዮ ከብራዚል ሳንታ ካታሪና ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወጣ ነፃ ፕሮግራም ነው። መልኩ ንጹሕ ነው፤ አንድን ማስተካከያ ከመፈጸምዎ በፊት ዘፈኑ እየተጫወተ ውጤቱን ያሰማል። የተቀዳውን ድምፅ ጫፍና ጫፉን ቆርጦ ከማስቀመጥ የዘለለ ፍላጎት ለሌለው፣ ወይም ኦዳሲቲ ለከበደው የቤተሰብ አባል ይስማማል።

ሪፐር ለሙዚቃ ስቱዲዮ የተሠራ ነው። ለ60 ቀን ሙሉውን መሞከር ይቻላል፤ የግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ቀድሞውኑ በእርሱ የሚሠራ የስቱዲዮ ባለሙያ ሌላ ፕሮግራም መማር አያስፈልገውም፤ ለሸክላ ብሎ እርሱን ከዜሮ መማር ግን ትርፉ አይታየኝም።

አይዞቶፕ አርኤክስ የድምፅ ጥገና ባለሙያዎች መሣሪያ ሲሆን ከላይ ካሉት ሁሉ የረቀቀ ጽዳት ይሠራል፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። በቤተሰብ ደረጃ እንዲገዛ አልመክርም፤ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩትን የተሰበሩ (ያለ ፈቃድ እንዲሠሩ የተደረጉ) ቅጂዎች ደግሞ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍና ሰነድ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ቫይረስ ይዘው ሊገቡ ስለሚችሉ፣ ፈጽሞ አለመጫን ይሻላል። ሌላ ቅጂዋ የማይገኝ አንዲት የተጎዳች ሸክላ ካለች፣ ያልተነካውን ፋይል ፕሮግራሙ ላለው ስቱዲዮ መላክ ይቻላል።

የመቅጃ አቀማመጥ

የትኛውም ፕሮግራም ቢመረጥ አቀማመጡ ተመሳሳይ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ የድምፅ ምንጩ የላፕቶፑ ማይክሮፎን ሳይሆን የዩኤስቢው መሣሪያ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ቻናሉን ሁለት ያድርጉት፤ በዊንዶውስ ውስጥ የድምፅ ማሻሻያ የሚለውን ያጥፉ፤ ኢንተርኔቱንና የስልክ መልእክት ማሳወቂያውን ይዝጉ። የሸክላውን ከፍተኛ ቦታ አስቀድመው አጫውተው የድምፁ ጫፍ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል ገደማ ላይ እንዲቆም ያድርጉ። ዜሮን አልፎ የተቆረጠ ድምፅ አይመለስም፤ ዝቅ ብሎ የተቀዳ ግን በኋላ ከፍ ይላል። እም የሚል የ50 ሄርዝ ጉርምርምታ ከተሰማ የማጫወቻው የምድር ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ጋር መታሰሩን ይመልከቱ፤ ካልጠፋ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለው በባትሪ ብቻ ይቅዱ። ባትሪው ላፕቶፑን ከመብራት መቋረጥ የሚያድነው ቢሆንም ማጫወቻው በመካከል መቆሙ አይቀርም፤ በዚያን ጊዜ መርፌውን ቶሎ ማንሣት ነው።

ስለ ጥራት መጠን፣ ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር ለመዛግብት የሚመክረው ዝቅተኛ ልክ 48,000 ሄርዝና 24 ቢት ነው። መሣሪያዎ ይህን የሚችል ከሆነ በዚሁ ይቅዱ። በ24 ቢትና በ48,000 ሄርዝ ያልታመቀ የሁለት ቻናል ድምፅ በደቂቃ 17 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ፣ አንድ መቶ ነጠላ ሸክላ በሁለት ገጹ፣ እያንዳንዱ ገጽ አራት ደቂቃ ቢሆን፣ 14 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ተራ ፍላሽ ይበቃዋል። ከላይ የተጠቀሰው ዩኤፍኦ202 በ16 ቢት ብቻ የሚሠራ ነው፤ በፕሮግራሙ ውስጥ 24 ብሎ መምረጥ የሌለውን አይጨምርለትም። ይህ ግን ሊያሳስብ አይገባም፤ 16 ቢት በንድፈ ሐሳብ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ስፋት ሲኖረው፣ ያገለገለ ሸክላ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ፋይሉን በፍላክ ያስቀምጡ። ፍላክ ድምፁን ምንም ሳይጥል መጠኑን እስከ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ በውስጡም የዘፈኑን መረጃ በግዕዝ ፊደል ይይዛል። ኤምፒ3 የሚዘጋጀው ከዚህ ተቀድቶ ለስልክና ለመኪና ብቻ ነው። አንዳንድ የመኪና ማጫወቻዎች የኛን ፊደል ሳጥን አድርገው ስለሚያሳዩ የፋይሉን ስም በሸክላው ቁጥር መጀመር ይጠቅማል፤ ይኸው በመሃሉ ወረቀት ላይ የታተመው ቁጥር ሁለቱን ገጾችም ያገናኛል። የአፋን ኦሮሞ ዘፈን ከሆነ ርዕሱን ወረቀቱ ላይ እንዳለ ከጻፉ በኋላ በቁቤም ያክሉበት፤ ፈላጊው በየትኛው እንደሚጽፍ አይታወቅምና። የመሃሉን ወረቀትና ሽፋኑን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥተው ከፋይሉ ጋር በአንድ ማኅደር ያስቀምጡ፤ ያልተነካውን ቅጂና የጸዳውን ለየብቻ ያድርጉ፤ ሙሉውን ማኅደር በሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ገልብጠው በሌላ ቤት፣ ለምሳሌ ሌላ ሰፈር በሚኖር ወንድም ወይም እኅት ዘንድ፣ ያስቀምጡ።